ሃያ ዓመት የነፋሁትን ቴነር ስቀይር

ሳክሱን፣ ቴነር ሳክስፎኔን፣ ቀየርኩት። አንድ ዓመት ሊሞላው ነው። እስካሁን ሳልጽፍ የቆየሁት የምለው ጠፍቶኝ ሳይሆን በዝቶብኝ ነው። ጅማ ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩ ልጆች "የድሮው እኮ ድምፁ ሌላ ነበር፣ ምን ነካህ?" ይሉኛል። ተማሪዎቼ ደግሞ የትኛውን እንግዛ ይሉኛል። ሁለቱም መንገድ ላይ ቆሞ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ዛሬ ሥራ የለኝም፣ ቡናም ተፈልቷል፣ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የድሮው ቴነሬ ቬልትክላንግ ነው። ምሥራቅ ጀርመን የምትባል አገር በነበረችበት ጊዜ እዚያ የተሠራ። ስሙ በጀርመንኛ "የዓለም ድምፅ" እንደማለት መሆኑን ያወቅኩት ከገዛሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ሳውቅ ደስ አለኝ። መምህሬ፣ እዚሁ ጅማ ያስተማሩኝ ሰው፣ ከኪነት ቡድን ጊዜ ጀምሮ ሲነፉት የኖሩት ነው። በ1996 ዓ.ም. ትንፋሻቸው ደከም ሲል ለእኔ ሰጡኝ። ሰጡኝ ስል ሦስት ሺህ ብር ከፍያለሁ፣ ያውም በስድስት ወር። ግን ያኔም ቢሆን ደህና ቴነር በሦስት ሺህ ብር አይገኝም ነበር፤ ስለዚህ ሰጡኝ ነው የምለው።

ስረከበው ወርቃማው ቅብ የእሳቸው እጅ ባረፈበት ሁሉ ለቆ ነበር። እኔም እዚያው ላይ እጄን እያሳረፍኩ የቀረውን ጨረስኩት። በዚያ ሳክስ ጅማ ውስጥ ከፈረንጅ አራዳ እስከ ጅሬን ያልነፋሁበት ሠርግ ቤት የለም ማለት ይቻላል። ልጄ የተወለደች ዕለት ማታ ሆቴል ሥራ ነበረኝና ከሆስፒታል በቀጥታ ሄጄ የነፋሁት በእሱ ነው። ይሄን የማወራው ነገሩ እንዲገባችሁ ነው። ዕቃው አልሠራ ስላለ ብቻ አውጥቼ የምጥለው አልነበረም።

ችግሩ ግን በአንድ ቀን አልመጣም። ጅማን የሚያውቅ ያውቃል፣ እዚህ ክረምት ማለት ሐምሌና ነሐሴ ብቻ አይደለም። ከሚያዝያ አካባቢ የጀመረ ዝናብ መስከረምን ተሻግሮ ይሄዳል። ልብስ አይደርቅም፣ ግድግዳው ይረጥባል፣ ቁም ሳጥን ሲከፈት ይሸታል። የሳክስ አካል ነሐስ ነው፤ ቀዳዳዎቹን የሚደፍኑት ግን ፓዶቹ ናቸው። ፓድ ማለት ስስ ቆዳ የለበሰ ሱፍ ነው፣ ቴነር ላይ ከሃያ በላይ አለ። ቆዳ ደግሞ ውኃ ይጠጣል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይጠጣል፣ በመጨረሻ እንደ አሮጌ ጫማ ይሰነጠቃል። አንድ ነሐሴ ላይ ሁለት ሳምንት ሥራ ስላልነበረኝ ሳጥኑን ሳልከፍት ቆየሁ። ስከፍተው የውስጡ ቀይ ከፋይ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል። ሳክሱ እላዩ ላይ ተኝቷል። ያን ቀን በጣም ነው የደነገጥኩት።

ከሁሉም ያስቸገረችኝ ጂ ሻርፕ የምትባለው ድምፅ ቁልፍ ናት። ሳክስ የማትነፉ ሰዎች ትንሽ ታገሡኝ። ይቺን ቁልፍ ስትጫናት ፓዱን የሚያነሳው ጣትህ አይደለም። ጣትህ ፓዱን ተጭኖ የያዘውን ክንድ ነው የሚያነሳው፤ ፓዱን የምታነሳው አንዲት ቀጭን ስፕሪንግ ናት። ፓዱ ከረጠበ ወይም ምራቅ ከጠጣ ስፕሪንጓ አቅም የላትም፣ ተጣብቆ ይቀራል። ጣትህ ቦታው ላይ ነው፣ ጆሮህ ጂ ሻርፕ ይጠብቃል፣ የሚወጣው ግን ጂ ነው። ሠርግ ላይ ለስላሳ ጠጥተህ ከነፋህ ደግሞ ስኳሩ ከትንፋሽህ ጋር ይገባና ይብሳል። መፍትሔዬ 10 ብር ነበር። ብሩን ከፓዱ ሥር እከትታለሁ፣ ፓዱን በጣቴ ቀስ ብዬ እላዩ ላይ እጫናለሁ፣ ከዚያ ብሩን ስቤ አወጣለሁ። ወረቀቱ ሲወጣ "ሽርር" የሚል ድምፅ አለው። ለሁለት ዘፈን ያህል ይሠራል። ከሸሚዜ ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ የተጨማደደ 10 ብር አይጠፋም ነበር፤ አሁንም ልማድ ሆኖብኝ አለ።

እንግዲህ አብራን የምትዘፍነው ልጅ የአንቺሆዬን ቅኝት ኤ ላይ ነው የምትይዘው። ቴነር ቢ ፍላት መሣሪያ ስለሆነ ለእኔ አንድ ቶን ወጣ ብሎ ቢ ላይ ይወድቃል፤ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ ሻርፕ። አያችሁት? ጂ ሻርፕ እዚያው ውስጥ ናት። አንቺሆዬ አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው፣ ከአምስቱ አንዱ ጂ ሆኖ ከወጣ የሚሰማው ነገር አንቺሆዬ አይደለም። ታች ስወርድ ደግሞ ሲ እና ቢ ጎን ለጎን ናቸው፣ ታችኛዋ ቢ በግራ እጅ ትንሽ ጣት የምትያዝ ናት። የእኔ ቬልትክላንግ የትንሽ ጣት ቁልፎች ጠንካሮች ናቸው። ጣቴን አጥብቄ ካልተጫንኩ ፓዱ ቀዳዳውን አይገጥምም፣ ካልገጠመ ታችኛው ድምፅ ይንገጫገጫል ወይም ጭራሽ ወደ ላይ ይዘላል። ከአንድ ረጅም የሠርግ ማታ በኋላ ያቺ ጣት ቡና ሲኒ አትይዝም ነበር።

አላሠራህም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አሠርቻለሁ። አንድ ጊዜ የተሰበረች የቁልፍ እግር እዚሁ ጅማ መርካቶ ጋ ያለ ብር ሠሪ በየደልኝ፣ ሥራው ጥሩ ነበር፣ እግዜር ይስጠው። አንድ ጊዜ ደግሞ አዲስ አበባ ወስጄ ፓዶቹን በሙሉ አስቀየርኩ። ማን እንደሠራው አልናገርም፣ ግን ፓዶቹ ልካቸው አልነበረም፤ አንዳንዶቹ ወፈር ያሉ ነበሩ፣ ከኋላ ቀድመው ይነኩና ከፊት ክፍት ይቀራሉ። ክረምት ሳይወጣ ነገሩ ወደነበረበት ተመለሰ። በኋላ አንድ ልምድ ያለው ሰው አይቶ የነገረኝ ነገር ነው ልቤን የቆረጠው። ቁልፎቹ የሚዞሩባቸው ዘንጎች ተበልተዋል። ዘንጉ ሲበላ ቁልፉ ይላላል፣ ሲላላ ፓዱ ሁለት ጊዜ አንድ ቦታ ላይ አያርፍም። ስለዚህ አዲስ ፓድ ብታደርግለትም ዛሬ ገጥሞ ነገ ይስታል። የሚስተካከል ነገር ነው፣ ግን ሙያውም መሣሪያውም ያለው ሰው ማግኘት አለብህ፣ ፓዱም ከውጭ መምጣት አለበት፣ ተደምሮ ሲታይ ሌላ ሳክስ ይገዛል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ፣ ለማንም ብዙ አውርቼው የማላውቀው። ሳክሱ ከቅኝት ወጥቶ ነበር። ላይኛው ኦክታቭ (የላይኞቹ ድምፆች ክልል) ከልኩ በላይ ይወጣል። ያንን ለማውረድ ማውዝፒሱን (አፍ የሚይዘውን መንፊያ) አንገቱ ላይ ካለው ቡሽ ትንሽ ስቤ ሳወጣው ታችኛው ይወርዳል። በከንፈር እየጠበቅክ እየለቀቅክ ታስተካክለዋለህ፣ ሁሉም የሚነፋ ሰው እንዲህ ያደርጋል፣ የእኔ ግን ከከንፈር አቅም በላይ ሆነ። ኪቦርድ የሚጫወተው ወንድማችን ለዓመታት ዘዴ ነበረው። መድረክ ላይ ወጥቶ ገና ገመዱን ሳይሰካ ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ የኪቦርዱን ቅኝት ከተለመደው 440 ኸርዝ ወደ 436 ያወርደዋል። መሐል መንገድ ላይ እንድንገናኝ ማለት ነው። አንድም ቀን አላማረረም። ቤዙም ኪቦርዱን ሰምቶ ይቃኛል። ባንዱ በሙሉ ለእኔ ሳክስ ሲል ዝቅ ብሎ ነው የሚጫወተው፤ እኔም አውቃለሁ፣ እነሱም ያውቃሉ፣ ማንም አይናገርም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት አንድ ማታ ሌላ ኪቦርድ የሚጫወት ልጅ ተተክቶ መጣ። 440 ላይ ጀመረ። ትዝታ ነበር የምንጫወተው፣ በዝግታ፣ እያንዳንዱ ድምፅ ረጅም፣ መደበቂያ የለም። ቤቱ ሰው ዝም ብሎ ይበላል፣ የሰማው የለም ይሆናል። እኔ ግን ሰምቻለሁ። ቤት ገብቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ጅሬን ወጥቼ መምህሬ ጋ ሄድኩ። በረንዳ ላይ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

"ጋሼ፣ ልቀይረው ነው" አልኳቸው።

"ምኑን?"

"ሳክሱን።"

ትንሽ ዝም አሉ። ይከፋቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር።

"ቆይተሃል እኮ። እኔ ከአራት ዓመት በፊት ትቀይረዋለህ ብዬ ነበር" አሉኝ። ከዚያ ቡናቸውን ፉት ብለው "ማውዝፒሱን ግን እንዳትሸጥ፣ ልጄ። ሳክሱን እንደፈለግክ አድርገው" አሉ።

ያኔ በደንብ አልገባኝም። ማውዝፒሴ ጥቁር ኦቶ ሊንክ ነው፣ የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ያመጣልኝ፣ ከቬልትክላንጉ ጋር የመጣው አልነበረም። ለምን ስለ እሱ እንዳነሱ የገባኝ አዲስ አበባ ሄጄ ነው።

ገንዘቡን ዕቁብ ነው ያጠራቀምኩት። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ያገለገለ ያማሃ ቴነር፣ ያው ለተማሪ ተብሎ የሚሠራው ዓይነት፣ 58 ሺህ ብር አካባቢ ተጠርቶልኝ ነበር፤ ዕጣዬ ነሐሴ ስለሚወጣ ጠብቁኝ ብዬ ነበር። ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ሻጩን ስደውልለት በጨዋ ደንብ "ወንድሜ፣ አሁን በዚያ ዋጋ አይሆንም" አለኝ። አልፈርድበትም። ዕቁቡን ተቀብዬ ብሩን ሳየው ግማሽ ሳክስ ሆኗል። ስለዚህ ሌላ አራት ወር፣ ተማሪ እየጨመርኩ፣ የተገኘውን ሥራ ሁሉ እየሠራሁ ቆየሁ። በተለይ የሙስሊም ሠርጎች ናቸው ያወጡኝ፣ ጾም ሲገባ የእኛ ሠርግ ስለሚቆም።

ታኅሣሥ 2017 ላይ፣ የነቢያት ጾም ውስጥ፣ አሮጌውን ሳክስ ጭኔ ላይ ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰርቦ፣ አሰንዳቦ፣ ሶኮሩ እያለ ጊቤ በረሃ ሲወርድ አውቶቡሱ ይግላል። ሳክስ ሲሞቅ ድምፁ ይወጣል፣ ሲበርድ ይወርዳል፤ ሳጥኑን በእጄ ዳሰስኩና ምነው ይሄኔ በተነፋ ብዬ አሰብኩ። አሮጌውን የወሰድኩት ለማነጻጸር ነው። ይሄን ለሁላችሁም እመክራለሁ፣ አዲስ ልትሞክሩ ስትሄዱ የድሮውን፣ የራሳችሁን ማውዝፒስና የለመዳችሁትን ሪድ (ማውዝፒሱ ላይ የሚታሰረውን የሸምበቆ ምላስ) ይዛችሁ ሂዱ። በሰው ማውዝፒስ ሳክስ አይመረጥም።

መጀመሪያ አንድ ሱቅ ገባሁ፣ አዲስ ከካርቶን የወጣ ቴነር አሳዩኝ። ሲያዩት ያስጎመጃል፣ ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጸናጽል ያበራል። ዋጋውም ካገለገለው ያማሃ ያንሳል። የምርቱን ስም አልጽፍም። ስነፋው መካከለኛዋ ዲ ስልኬ ላይ ባለው ቱነር (ቅኝት መለኪያ) በጣም ወጣች፤ መካከለኛ ዲ ብዙ ሳክስ ላይ ትንሽ ትወጣለች፣ ይሄ ግን ሌላ ነው። ከዚያ በግራ መዳፍ የሚነካውን የላይኛውን ቁልፍ ትንሽ ጠንከር አድርጌ ስይዘው ጎበጠ። ጎበጠ ስል በዓይኔ አይቻለሁ። ብረቱ ለስላሳ ነው። አዲስ ስለሆነ ዛሬ ይሠራል፣ ጅማ አምጥቼው በመጀመሪያው ዓመት የሚያስተካክልልኝ ፍለጋ ልዞር ነው። ከቻይና ስለመጣ አይደለም፣ ከዚያው የመጡ ደህና ሳክሶች ሰምቻለሁ። ይሄኛው ግን አይሆንም። አመስግኜ ወጣሁ።

በማግስቱ አንድ የማውቃቸው አንጋፋ ሙዚቀኛ ቤት ሄድኩ። እሳቸው ጋ ሰልመር ማርክ 6 አለ። ማርክ 6 ቴነር ፈረንሳይ ውስጥ በፈረንጅ ከ1954 ጀምሮ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ የተሠራ ነው፣ ብዙ ሳክስ ነፊ በሕልሙ የሚያየው። ሊሸጡልኝ አይደለም፣ ቢሸጡም አቅሜ አይደለም፣ "ና ንፋውና ጆሮህ ይወቀው" ብለው ነው የጠሩኝ። ኦቶ ሊንኬን ገጠምኩበት። አንድ ረጅም ጂ ነፋሁ። ዓይኔ እንባ አቀረረ ብላችሁ እመኑኝ። ልጅ ሆኜ በሬዲዮ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላውን በቴነር ሲነፋ ስሰማ ሳክስ መሆኑን አላውቅም ነበር፣ ሰው የሚፎክር ነበር የሚመስለኝ። ነፍሱን ይማርና መጋቢት 2008 ዓ.ም. ነው ያረፈው። ከዚያ ወዲህ ሁሉ የምፈልገው ያንን ድምፅ ነበር። ያን ቀን ደግሞ አገኘሁት መሰለኝ፣ ከነሐሱ ውስጥ የወጣ መሰለኝ። ሌላ ሳክስ አልገዛም፣ ዕድሜ ልኬን ቢሆን ቆጥቤ ማርክ 6 ነው የምገዛው አልኩ በልቤ።

የሚሸጠው ያማሃ ባለቤት ከሰዓት በኋላ እዚያው ቤት አመጣልኝ፤ ያገለገለ፣ ዘመዱ ከውጭ ይዞለት የመጣ፣ እሱ ግን ሳክሱን የተወ ልጅ ነው። ማውዝፒሴን ከሰልመሩ ነቅዬ ያማሃው ላይ አደረግኩ። ያንኑ ትዝታ፣ ያንኑ ሪድ። የቤቱ እመቤት ጓዳ ቡና ይቆላሉ፣ በሩ ገርበብ ብሏል። አንድ አምስት ደቂቃ ከነፋሁ በኋላ ከጓዳ ድምፃቸው መጣ።

"ወንድሜ፣ የመጣውን ሳክስ መቼ ነው የምትሞክረው? የእሱን ብቻ እኮ ነው የምትነፋው።"

ባለቤታቸውና እኔ ተያየን።

እሳቸው አርባ ዓመት ከሳክስ ጋር የኖሩ ሴት ናቸው፤ ጆሯቸውን አልጠራጠርም። እርግጥ ልዩነቱ ለእኔ ነበረ፤ ሰልመሩ ሰፋ ብሎ ደረቴ ላይ ይመጣል፣ ያማሃው ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ይሄዳል። እሱን ግን የሚሰማው የነፋው ሰው ነው። በር ማዶ ላለ ሰው የሚደርሰው የእኔ ጉሮሮ፣ የእኔ ከንፈር፣ ማውዝፒሱና ሪዱ ነው። መምህሬ በርጩማቸው ላይ ሆነው ያሉኝ ይሄንኑ ነበር። ድምፄን ፍለጋ ነበር አዲስ አበባ የሄድኩት፤ ድምፄ ግን ከጅማ አብሮኝ ነው የመጣው። ከአዲስ ሳክስ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። ቅኝቱ እንዲጸና፣ ጣቴ በተጫነ ቁጥር ፓዱ ያው ቦታ እንዲያርፍ፣ ታችኛዋ ቢ ስጠራት እንድትመጣ።

ይሄ ከገባኝ በኋላ መምረጡ ቀላል ሆነ፣ ሥራው ግን ገና ነበር። ያማሃውን እንዴት እንደመረመርኩ ልንገራችሁ፣ ይሄ ይጠቅማችኋል። ጅማ ውስጥ ሠርግ የሚያስጌጡ ልጆች የሚጠቀሙበት ቀጭን የመብራት ገመድ አለ፣ አንድ ተውሼ መጥቻለሁ። ገመዱን ከአፉ በኩል አስገብቼ አብርቼ፣ ጋቢ ተከናንቤ ሳክሱን ከጋቢው ሥር አስገባሁት። ጨለማ መሆን አለበት። ከዚያ ቁልፎቹን አንድ በአንድ በቀስታ፣ እንደ ላባ፣ መዝጋት ነው። አጥብቃችሁ ከተጫናችሁ ሁሉም ይዘጋል፣ ምንም አታዩም። ፓዱ ዙሪያ ብርሃን ካለ ትንፋሽ ይወጣል ማለት ነው። የእኔ ያማሃ ኤፍ ቁልፍ ጎን እንደ ጥፍር ቁራጭ የምትሆን ብርሃን ነበረችው። ሌላው ሁሉ ጨለማ ነበር። ጋቢውን ገልጬ ስወጣ አልቦኛል።

ከዚያ አንገቱን አየሁ። የተጎበጠ አንገት ከሥሩ እብጠት ያሳያል፣ ጣት ሲያልፍበት ይታወቃል። የለውም። አንገቱን ገጥሜ ብሎኑን ሳላጠብቅ ወዘወዝኩት፣ ጠበቅ ያለ ነው። ረጅሞቹን ቁልፎች በሁለት ጣት ይዤ ወደ ግራ ቀኝ ነቀነቅኳቸው፣ የሚንቀጫቀጭ የለም፤ የቬልትክላንጌ ዘንጎች አብረውኝ ስለነበሩ ልዩነቱ እጄ ላይ ታወቀኝ። ከዚያ ታችኛዋን ቢ ፍላት በጣም ዝቅ አድርጌ፣ እንደ ሹክሹክታ። መጣች። በመጨረሻ አንቺሆዬን ቢ ላይ። ጂ ሻርፕ፣ ኤፍ፣ ኢ፣ ሲ፣ ቢ። የግራ ትንሽ ጣቴ ምንም አላለችም። መልሼ ወጣሁ፣ መልሼ ወረድኩ። አስር ጊዜ ይሆናል። ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ እሱን ብቻ ነው የነፋሁት፣ የቤቱ ሰዎችም ምንም አላሉኝም።

ሻጩ 130 ሺህ ብሎኝ ነበር። የኤፍን ቀዳዳ በመብራት አሳየሁትና 118 ሺህ ላይ ተስማማን። ያማሃ ውስጥም 62 የሚባለው ከፍ ያለ ዓይነት አለ፣ ባለሙያ የሚይዘው፤ እሱን የሚገዛ ገንዘብ አልነበረኝም፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ቢኖረኝ እሱን ነበር የምገዛው። ፓዷን እዚያው አዲስ አበባ አሠርቼ ተመለስኩ።

የመጀመሪያው ወር ከበደኝ። ቤት ውስጥ ብቻዬን ስነፋ ያማሃው ቀጭን ሆኖ ይሰማኛል፣ ቬልትክላንጉ ጥግ ላይ ቆሞ የሚያየኝ ይመስለኛል። ለካ አሮጌው ሳክስ ትንፋሽ ያባክን ስለነበር ሃያ ዓመት ሙሉ ከሚገባው በላይ መንፋት ለምጄ ነው። ያንኑ ያህል ወደ ያማሃው ስገፋ ድምፁ ይጮኻል፣ ይጠባል። ትንፋሼን መቀነስ ነበረብኝ። ለአርባ ዓመት ሰው ትንፋሹን እንደገና መማር ቀላል አይደለም። ጠዋት ጠዋት አንድ ድምፅ ብቻ ይዤ፣ ከምንም ተነስቶ ሞልቶ እንደገና እስኪጠፋ። ሪዱንም ከሁለት ተኩል ወደ ሦስት ከፍ አደረግኩ፣ ያ ብዙ ረዳኝ። ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው አንድ ቀን በስልክ ቀድቼ ስሰማው የሚነፋው ሰው እኔ ነኝ። በቃ እኔው ነኝ።

ክረምቱም መጣ፣ ያው የጅማ ክረምት። አሁን ተምሬያለሁ። ነፍቼ ስጨርስ ጨርቁን በአካሉም በአንገቱም ውስጥ ሁለት ሁለት ጊዜ ስቤ አወጣለሁ፣ ጂ ሻርፕን በወረቀት አደርቃታለሁ፣ ሳጥኑን እርጥብ ሳለ አልዘጋም። ፀሐይ በወጣ ቁጥር ባዶውን ሳጥን በረንዳ ላይ ከፍቼ አስቀምጠዋለሁ። ከመድረክ በፊት ለስላሳ አልጠጣም፣ ውኃ ብቻ። ዘንድሮ ሻጋታ አላየሁም።

ቬልትክላንጉን አልሸጥኩትም። አንዲት ተማሪ አለችኝ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም. እዚሁ ጅማ መወለዱን ከሰማች ጀምሮ ኢትዮ ጃዝ ካልሆነ ሌላ ነገር አትሰማም። ቤተሰቧ ሳክስ ሊገዛላት አይችልም። ለእሷ አውሼዋለሁ። ላይኛውን ኦክታቭ ገና አልደረሰችበትም፤ እስክትደርስ ዘንጎቹን የሚያስተካክል ሰው አገኝ ይሆናል፣ እየጠየቅኩ ነው። እስከዚያ ጂ ሻርፕ ስትጣበቅባት የምታስገባው 10 ብር ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጬላታለሁ።

መምህሬ ያማሃውን ያዩት ጥር ላይ ነው። ከመጀመሪያው ሠርግ በፊት ጅሬን ይዤው ወጣሁ። በእጃቸው መዘኑት፣ የትንሽ ጣት ቁልፎቹን ተጫኑ፣ ለቀቁ፣ እንደገና ተጫኑ። "ቅቤ ነው" አሉ። ከዚያ ማውዝፒሱን አዩና ዝም አሉ።

ያ ሠርግ መርካቶ አካባቢ ግቢ ውስጥ ነበር፣ ድንኳን ተጥሎ። ቀደም ብዬ ደረስኩ። ኪቦርድ የሚጫወተው ወንድማችን ዕቃውን እየዘረጋ ነው፤ አዲስ ሳክስ መግዛቴን ሰምቷል፣ ሲነፋ ግን አልሰማውም። እኔ አንገቱን እየገጠምኩ አየዋለሁ። ኪቦርዱን አበራ፣ እንደ ልማዱ ማስተካከያው ውስጥ ገባ፣ ጣቱ ቁልፉን ይጫን ጀመር። 439፣ 438፣ 437።

"ተው" አልኩት፣ "440 ላይ መልሰው።"

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ መለሰው፣ አንድ በአንድ፣ 440 እስኪል። ኤ ሰጠኝ። የእኔን ቢ ነፋሁለት። ሁለታችንም ትንሽ ያዝነው፣ ድንኳኑ ውስጥ ወንበር የሚደረድሩት ልጆች እስኪዞሩ ድረስ። ቤዙ ከጀርባችን ገመዱን መቃኘት ጀመረ፣ ወደ ላይ።